ስልጠናው በእንግሊዝኛ፣ ጥያቄው በአማርኛ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ስገልጥ ከጨረታው ገጽ አጠገብ የስልጠና ማስታወቂያ አላጣም። «ፕሮጀክት ማኔጅመንት በአምስት ቀን»፣ «ቢዝነስ አናሊሲስ ከሰርተፍኬት ጋር» የሚሉ ናቸው። ሰኔ ሲቃረብ ይበዛሉ። ምክንያቱን ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ለስልጠና የተያዘው ገንዘብ ካልወጣ «አልተጠቀማችሁበትም» ተብሎ በሚቀጥለው ዓመት ይቀነሳል። ስለዚህ የስም ዝርዝር ይወጣል፣ አውቶቡስ ይያዛል፣ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ አዳማ ይኬዳል።

እኔ ቢዝነስ አናሊስት ነኝ። በዚህ ሥራ 12 ዓመት ሆኖኛል። አዲስ ሶፍትዌር ወይም አዲስ አሠራር ከመሠራቱ በፊት ሠራተኛውንና ደንበኛውን እጠይቃለሁ። የሚያስፈልገውን ለይቼ ለሚሠሩት ሰዎች እጽፍላቸዋለሁ። ፕሮጀክት ማናጀሩ ጊዜውን፣ ገንዘቡንና ሰዉን ይመራል። እኔ ደግሞ እየተሠራ ያለው ነገር የተፈለገው ነገር መሆኑን እከታተላለሁ። ሁለታችን ካልተናበብን ሥራው በቀኑ ያልቅና ማንም ሳይጠቀምበት ይቀራል። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው።

የመጀመሪያ ስልጠናዬን የወሰድኩት ሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው። ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል። አምስት ቀን፣ በቀን ሰባት ሰዓት፣ በድምሩ 35 ሰዓት። ቁጥሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ፒኤምፒ ለሚባለው የፕሮጀክት ማናጀሮች ፈተና ለመቀመጥ 35 ሰዓት መማር ግዴታ ነው። አሠልጣኙ ጎበዝ ነበር። የሚያውቀውን ሳይሰስት ሰጠን። ግን ስላይዱ በሙሉ እንግሊዝኛ፣ ምሳሌውም የሌላ አገር ነበር። አንድ ቤተሰብ ወጥ ቤቱን ሊያሳድስ ሥራ ተቋራጭ ይቀጥራል። አንድ ድርጅት ፒዛ በኢንተርኔት መሸጥ ይፈልጋል። እኛም በቡድን ተከፋፍለን ስለ ፒዛው ጥያቄ ጻፍን። በእንግሊዝኛ።

38 ሰዎች ነበርን። ከነዚህ ውስጥ ፕሮጀክት ላይ የምንሠራው ዘጠኝ ብቻ ነበርን። ሌሎቹ ከመዝገብ ቤት፣ ከጠቅላላ አገልግሎት፣ ከስምሪት የመጡ ናቸው። በእነሱ አልፈርድም። ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ወጣ፣ መጡ። በመጨረሻው ቀን ቅጽ ሞላን። አዳራሹ ምቹ ነበር? ምግቡስ? ለአሠልጣኙ ከአምስት ስንት ትሰጣላችሁ? ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1959 ስልጠና እንዴት እንደሚመዘን ጽፎ ነበር። አራት ደረጃ አለው። ሠልጣኙ ወደደው ወይ? ተማረ ወይ? ሥራው ላይ አዋለው ወይ? መሥሪያ ቤቱስ በመጨረሻ ምን አገኘ? እኔ በሄድኩባቸው ስልጠናዎች ሁሉ ቅጹ የመጀመሪያውን ጠይቆ ይቆማል። መስከረም ላይ ቢሮዬ መጥቶ «ከተማርሽው የቱን ተጠቀምሽበት?» ያለኝ ሰው የለም።

ቢጠይቀኝ ኖሮ መልሴ ያሳፍረኝ ነበር። በዚያው ዓመት ቁጠባና ብድር ለሚሰጥ አንድ ተቋም አዲስ የደንበኞች ምዝገባ ሥርዓት እየሠራን ነበር። ሰሜን ሸዋ ካለ አንድ ቅርንጫፍ ሄጄ ሠራተኞቹን ሰበሰብኩ። ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከስልጠናው የያዝኩትን ጥያቄ ወደ አማርኛ መልሼ ጠየቅኩ። «ሥራችሁ ላይ የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው?»

ዝም አሉ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ «ምንም ችግር የለም፣ ጥሩ ነው» አሉኝ። እኔም «ችግር የለም» ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ሳስበው ምን ሊሉኝ ኖሯል? አለቃ ፊት «ይህ ያስቸግረኛል» ማለት እኛ ዘንድ ማማረር ነው። ሲብስም አለቃን መክሰስ ነው። ጥያቄው እንግሊዝኛ ላይ ደህና ጥያቄ ነው። ወደ አማርኛ ሲዞር ግን የሰውን አፍ ይዘጋል።

ስለዚህ አዲስ አበባ ተመልሼ የሚመስለኝን ጻፍኩ። ካሰፈርኳቸው ነጥቦች አንዱ እንዲህ ይላል፦ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ስልክ ቁጥር ያስመዘግባል፤ አንድ ቁጥር ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የመክፈያ ቀን ሲደርስ በዚያ ቁጥር ማስታወሻ ይላካል። ወረቀት ላይ ያምራል። ኃላፊዎቹ ፈረሙበት። ፕሮጀክት ማናጀራችን ሥራውን በተባለው ቀን አስረከበ። ኬክ ተቆረሰ።

ከአምስት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው ቅርንጫፍ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር። ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። ድንገት መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ሲጨልም የመስኮቷ ገንዘብ ተቀባይ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፣ መሳቢያቸውን ሳቡና ልባሱ የነተበ ትልቅ መዝገብ አወጡ። ሥራቸውን ቀጠሉ። ወረፋው እንኳ አልተንጫጫም። ያኔ ገባኝ። ይህ መዝገብ መብራት ሲጠፋ ብቻ የሚወጣ አይደለም።

ሰዉ ሲቀልል ጠጋ አልኩ። «እትዬ፣ ይሄ መዝገብ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ እሱ የኛ ነው። የናንተው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ።»

አሳዩኝ። ደንበኞቹ የሚበደሩት በቡድን ነው፣ አምስት አምስት እየሆኑ። አንዷ ለሌላዋ ዋስ ናት። በመክፈያ ቀን አምስቱም አይመጡም። የአራቱን ገንዘብ በመሐረብ ቋጥራ የምትመጣው አንዷ ናት። ማን ለማን እንደከፈለ፣ ማን ለማን እንደሸፈነ የሚጻፈው መዝገቡ ላይ ነው። የኛ ሥርዓት ለዚያ ቦታ የለውም። ስልክስ? ከአምስቱ ሦስቱ ስልክ የላቸውም። የባላቸውን ወይም የጎረቤታቸውን ቁጥር ይሰጣሉ። ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ሲያስገቡት ሥርዓቱ «ተመዝግቧል» ብሎ ይመልሳቸዋል። ታዲያ ምን ያድርጉ? ቁጥር ፈጥረው ይሞላሉ። በአራት ዜሮ የሚያልቁ ቁጥሮች በየገጹ ነበሩ። የእኛ ማስታወሻ አምስት ወር ሙሉ ለብዙዎቹ ሳይደርስ ሲላክ ኖሯል።

«ያን ጊዜ ስጠይቅ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«መች ጠየቅሽኝ? ችግር አለ ወይ አልሽ። ይሄ ችግር አይደለማ። አሠራራችን ነው።»

ይህን ለማስተካከል ተጨማሪ አራት ወር ፈጀ። እኔ ግን ከሁሉ ያንገበገበኝ ጊዜው አይደለም። ያንን መዝገብ ለማየት ቀድሞ የሚያስፈልገው አንድ ግማሽ ቀን ነበር። መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስቦ ዝም ብሎ ማየት።

የቢዝነስ አናሊስቶች ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ አይአይቢኤ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ቶሮንቶ ውስጥ ተመሠረተ። ባቦክ የሚባለው የሙያ መመሪያው በ2015 በወጣው ሦስተኛ እትም 50 የሥራ ዘዴዎችን ይዘረዝራል። ተቀምጦ ማየት አንዱ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ስላይዱን አይቼዋለሁ። «ኦብዘርቬሽን» ይላል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አለፍነው፣ ሻይ ሰዓት ደርሶ ነበር።

የኔ አቤቱታ እዚህ ላይ ነው። የፕሮጀክት ሥራ ትልቁ ክፍል ከሰው ጋር መነጋገር ነው። የፒኤምፒ ፈተና ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 በሥራ ላይ በዋለው ይዘቱ 42 በመቶውን ለሰው ጉዳይ ሰጥቶ ነበር። የምንነጋገረው ደግሞ በአማርኛ ነው። አዳማ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ፣ መቀሌ የሚሠራው በትግርኛ። ግን የምንሠለጥነው ጥያቄውን በማንጠይቅበት ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛው ይቅር አላልኩም። ውሉም፣ የለጋሾች ሪፖርትም፣ የሙያው መጻሕፍትም በእንግሊዝኛ ናቸው። ያለ እሱ አንዘልቅም። ሆኖም ሥራው የሚበላሸው ሪፖርቱ ላይ አይደለም። መስኮቱ ጋ ነው።

ቃላቱን አንድ በአንድ ብናያቸው ነገሩ ይገለጣል። «ስቴክሆልደር» የሚለውን «ባለድርሻ አካላት» ብለን ተርጉመነዋል። ይህ ቃል በስብሰባ ብዛት ትርጉሙ ተለውጧል። «ባለድርሻ አካላትን ጥሩ» ሲባል የቢሮ ኃላፊዎች ይጠራሉ። ገንዘብ ተቀባይዋ ባለድርሻ አካል መሆኗ ለማንም አይታሰበውም፣ ለራሷም ጭምር።

«ሪስክ» ደግሞ «ስጋት» ተብሏል። አንድ ጊዜ የአንድ ፕሮጀክት ማስጀመሪያ ላይ «እስቲ ስጋቶቻችንን እንዘርዝር» ብዬ ሰሌዳው ጋ ቆምኩ። አንድ ትልቅ ሰው «ገና ሳይጀመር አታሟርቺ እንጂ» አሉኝ። ሰዉ ሁሉ በሐሳባቸው ተስማማ። ሰሌዳው ባዶውን ቀረ። እሳቸው ተሳስተዋል አልልም። በእኛ ዘንድ ክፉ ነገርን አስቀድሞ መጥራት ሟርት ነው። ይህን የማያውቅ ስልጠና የስጋት መዝገብ አሞላል ቢያስተምረኝ መዝገቡን የምሞላው ብቻዬን ቢሮ ተቀምጬ ነው።

ከሁሉ የከፋው «ግምገማ» ነው። ፕሮጀክት ሲያልቅ ቡድኑ ቁጭ ብሎ ምን ተማርን መባባሉ የሙያው ወግ ነው። እኛ «የፕሮጀክት ግምገማ» ብለን እንጠራዋለን። ግምገማ የሚለውን ቃል የሰማ የዚህ አገር ሠራተኛ ወዲያው ወንበሩ ላይ ይስተካከላል። ማን ሊመታ ነው ብሎ ያስባል። ከዚያ ስብሰባ እውነት አይወጣም።

የቀን አቆጣጠሩን ሳልጠቅስ አላልፍም። ጳጉሜን የማይቀበል ሶፍትዌር በእጄ አልፏል። ጳጉሜን 6 በአራት ዓመት አንዴ ትመጣለች፤ በዚያ ቀን የተወለደ ሰው ግን ሁልጊዜ ደንበኛ ነው። ይህን የትኛውም የውጭ ስላይድ አያነሳውም። ማንሳትም አይጠበቅበትም። የእኛ ፋንታ ነው።

ስለ ሰርተፍኬቱም የምለው አለኝ። ፒኤምፒን በ2014 ዓ.ም. ወስጃለሁ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ከፈለችልኝ። 180 ጥያቄ፣ 230 ደቂቃ። ፈተናው በአረብኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጃፓንኛም ይሰጣል፣ በአማርኛ የለም። ብዙ ተማርኩበት፣ አልቆጭም። ሲባፕ የሚባለው የከፍተኛ ቢዝነስ አናሊስቶች ማረጋገጫ ደግሞ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ 7,500 ሰዓት በሙያው መሥራትን ይጠይቃል። ደግ ያደርጋል። ሙያው በአምስት ቀን እንደማይያዝ የሚያውቅ ሰው ያወጣው መስፈርት ነው።

ፒኤምፒ ያለው ሰው በየሦስት ዓመቱ ለማደስ 60 ነጥብ ማሟላት አለበት። ቢያንስ 35ቱ በመማር የሚገኝ ነው። እስከ 25 የሚሆነው ግን ያወቁትን በማካፈል፣ በማስተማርና በበጎ ፈቃድ በማገልገል ሊሞላ ይችላል። አገራችን ውስጥ ይህ ማረጋገጫ ያላቸው ብዙ ባለሙያዎች አሉ። ነጥባችንን የምንሞላው ማታ ማታ ከኢንተርኔት የውጭ ትምህርት እያዳመጥን ነው። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ያችን 25 ነጥብ በአማርኛ እያስተማርን ብንሞላትስ?

ይህን ለራሴ ከጠየቅኩ በኋላ ካለፈው ዓመት ጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ሰባት ሰዎች እየሰበሰብኩ ነው። አንድ ወዳጄ ቢሮውን በነፃ ሰጠን። ስላይድ የለንም። የመጀመሪያው የቤት ሥራ «የመሳቢያ መዝገብ» ይባላል። እያንዳንዱ ሰው ወደ ሥራ ቦታው ተመልሶ ከአንድ ሠራተኛ አጠገብ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። አይጠይቅም፣ ያያል። ከዚያ ሠራተኛው ከሥርዓቱ ውጪ የሚጽፍበትን ነገር ይፈልጋል። ደብተር፣ ብጣሽ ወረቀት፣ የራሱ ኤክሴል፣ የቴሌግራም ግሩፕ። እስካሁን ባዶ እጁን የመጣ ሰው የለም። አንዷ ልጅ ከመጋዘን የመጣች ናት፤ የመጋዘን ኃላፊው የዕቃ መውጫ ቁጥሮችን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ሲጽፍ አገኘችው። ፎቶ አንስታ አመጣች። ያን ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያወራነው ስለዚያ ግድግዳ ነበር። እንደዚያ የተማርንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሁለተኛው ልምምድ መጠየቅ ነው። አንዱ አለቃ ሆኖ ይቀመጣል፣ አንዱ ሠራተኛ ይሆናል፣ አንዱ ይጠይቃል። «ችግር አለ ወይ?» ማለት ክልክል ነው። በምትኩ «ዛሬ መጀመሪያ የመጣው ደንበኛ ከበሩ ጀምሮ እስኪወጣ ምን ምን እንዳደረጉለት ይንገሩኝ» እንላለን። ስጋት የሚለውን ትተን «ይህ ሥራ አምና ተጀምሮ ቢሆን ሐምሌ ላይ ምን ያስቆመው ነበር?» እንላለን። ያን ጊዜ ሰዉ ይናገራል። ዝናቡ፣ መንገዱ፣ የውጭ ምንዛሪው፣ የኃላፊው መቀያየር፣ ሁሉም ይወጣል። አምና ስለሆነ ሟርት አይደለም። ለግምገማውም «እንደገና ብንጀምረው ምኑን እንለውጥ?» የሚል አገኘን።

ሥልጠና የምትሰጡ ድርጅቶች፣ ይህን ለመሥራት ከእኔ የበለጠ አቅም አላችሁ። አምስቱን ቀን አንድ ላይ አትጨርሱት። ሁለት ቀን አስተምራችሁ ሰዉን ወደ ሥራው መልሱት። ከወር በኋላ ሁለት ቀን ጥሩት፣ የሠራውን ይዞ ይምጣ። የመጨረሻዋን አንድ ቀን ሦስት ወር ቆይታችሁ አድርጓት። ሰዓቱ ያው 35 ነው። ለሰርተፍኬትም አይጎድልበትም።

የሰው ኃይል ኃላፊዎችንም ልማጸን። ፕሮጀክት ማናጀሩንና አናሊስቱን ከአንድ ፕሮጀክት አንድ ላይ ላኳቸው። አንዱ ብቻ ሠልጥኖ ሲመለስ ሌላው ቋንቋው አይገባውም። እኔ ከቢሾፍቱ ስመለስ ማናጀራችን የቅርንጫፍ ጉብኝቱን «ጊዜ ይበላል» ብሎ ከሦስት ቀን ወደ አንድ ቀን ቀነሰው። እሱም የቀኑ ነገር ስለሚያስጠይቀው ነው። አብረን ተምረን ቢሆን ኖሮ ያን ቀን እንዳይቀንሰው መከራከሪያ አይጠፋኝም ነበር። ደግሞም ብዙ መሥሪያ ቤቶች መዋቅር ላይ «ቢዝነስ አናሊስት» የሚል የሥራ መደብ የለም። ሥራውን የሚሠራው ሰው «ሲኒየር የአይቲ ኦፊሰር» ይባላል። የስልጠና ዝርዝር ሲወጣ ማንነቱ አይታወቅም፣ ስሙም አይጠራም። እነዚያ 29 ሰዎች ቢሾፍቱ ሲመጡ ሥራውን የሚሠሩ ሁለት ባልደረቦቼ ቢሮ ቀርተው ነበር።

በመጨረሻ ከአንባቢያን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። በቅዳሜው ቡድናችን የሙያውን ቃላት በአማርኛ እያሰባሰብን ነው። 61 ደርሰናል። «ሪኳየርመንት»፣ ማለትም የሚሠራው ነገር ማሟላት ያለበት፣ የሚለው ላይ ግን ተሸነፍን። «ፍላጎት» ስንል ሰዉ የሚመኘውን ይነግረናል። «መስፈርት» ስንል የጨረታ ሰነድ ይመስለዋል። ገንዘብ ተቀባይዋ «አሠራራችን» ያሉት ይቀርበዋል፣ ግን ወደፊት የሚሠራውን አይገልጽም። አናጢ፣ ልብስ ሰፊ፣ ግንበኛ ደንበኛውን ጠይቆ የሚይዘውን ነገር በየሙያው የሚጠራበት ቃል ሊኖር ይችላል። የምታውቁ በዚሁ ጋዜጣ በኩል ጻፉልን። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስንገናኝ 62ኛው ቁጥር ላይ እንጽፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰ. መ.
ሰሚት፣ አዲስ አበባ